የዕፅዋት በሽታን ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ መያዝ፦ ለአንዲት የፕላንት ሳይንስ ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ፍሬሽማን ጨርሼ ፕላንት ሳይንስ ደርሶኛል። ፍላጎቴ ግን የዕፅዋት በሽታ ነው። በዚህ ስም የመጀመሪያ ዲግሪ ካለ ልዛወር ወይ? ከሌለስ በቀሩኝ ሦስት ዓመታት ምን ምን ብይዝ ነው ስመረቅ በሽታ ዐውቃለሁ የምለው? ላብራቶሪ የምንገባው ጥቂት ቀን ነው፤ ስንገባም አብዛኛውን የሚሠራው ቴክኒሻኑ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መዛወሩን ተዪው። ፕላንት ፓቶሎጂ፣ ማለትም የዕፅዋት በሽታ ትምህርት፣ በአገራችን ራሱን ችሎ የሚሰጠው በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ለምሳሌ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን በዚሁ ስም ይሰጣል። ወደዚያ የሚያስገባው ዋናው በር ደግሞ አሁን የደረሰሽ ፕላንት ሳይንስ ነው። የዕፅዋት ጥበቃ የሚባል የተለየ ፕሮግራም ብታገኚ እንኳ በሽታን ከተባይና ከአረም ጋር አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ የስሙን ጭንቀት አንሺና ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንሂድ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ገበሬ የታመመ ተክል ይዞ ሲመጣ ምክንያቱን መለየት፣ የለየሽውን በማስረጃ ማረጋገጥ፣ ጉዳቱን በቁጥር መናገር ከቻልሽ በሽታ ታውቂያለሽ። ሦስቱም በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያዙ ናቸው።

መነሻው ማሳ ነው። ማሳ ላይ ያለ ቢጫ ቅጠል ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቅጠል ከመቅጠፍሽ በፊት ዳር ቆመሽ ማሳውን በሙሉ እዪው። ጉዳቱ በመስመር የሄደ ከሆነ፣ ወይም ስንዴውንም ሣሩንም አጥር ሥር ያለውንም ቅጠል እኩል ከመታ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፀረ አረም ነው። በአንድ ሌሊት ረባዳውን ቦታ ብቻ ከመታው ውርጭ ነው። ቢጫነቱ ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ተነሥቶ ወደ ላይ ከወጣ ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል፤ አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃል ለመሃሉ ከገረጣ ደግሞ ብረት። ተዛማች በሽታ ጠባዩ ሌላ ነው፦ እዚህም እዚያም ቦታ ቦታ ይዞ ይጀምራል፣ ከአንዱ ተክል ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ገና የጀመረውንና የሞተውን በአንድ ቀን ጎን ለጎን ታገኛቸዋለሽ። የጠወለገ ተክል ስታዪ ከነሥሩ ንቀዪው፤ ላዩን ብቻ ቆርጦ ላብራቶሪ የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ በሽታውን አፈር ውስጥ ትቶት ነው የሚሄደው።

የገበሬውን ስያሜ አጥኚ፣ ነገር ግን እንዳለ አትቀበዪው። ዋግ፣ አረማሞ፣ አጠውልግ የሚሉት ስሞች በአብዛኛው ከታወቀ የበሽታ ዓይነት ጋር ይገጥማሉ። «ምች መታው» ሲባል ግን ውርጭም፣ የድንች ብላይትም፣ ሥር መበስበስም ሊሆን ስለሚችል መቼ እንደጀመረ፣ ከዝናብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው ዓመት ቦታው ላይ ምን እንደነበረ ጠይቂ። ስንዴ ላይ ደግሞ ዋግ ብሎ ማቆም አይበቃም። ጣትሽን ቅጠሉ ላይ አሻሺ፤ ቢጫ ዱቄት ከያዘና ነጠብጣቡ ከቅጠሉ ርዝመት ጋር ተሰልፎ መስመር ከሠራ ቢጫ ዋግ ነው። ብርቱካንማ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ብትን ብትን ካለ የቅጠል ዋግ። ግንዱን ጭምር ይዞ፣ ረዘም ያለ ሸክላ መሳይ ቁስል ሆኖ፣ የተቀደደው ቆዳ ጠርዙ ላይ ከታየ የግንድ ዋግ ነው። ይህን ሳትለዪ የምትሰጪው ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ላብራቶሪውን በተመለከተ፣ ቴክኒሻኑ የሚሠራውን ቆመሽ ከማየት ወጥተሽ በእጅሽ መሥራት ያለብሽ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ከታመመ ቅጠል ፈንገሱን ለብቻው አውጥቶ ማሳደግ ነው። ይህን ደጋግማ የሠራች ተማሪ የቀረውን በራሷ ትደርስበታለች፤ ስለዚህ በዝርዝር ልሂድበት።

ፈንገሱ የሚያድግበት ምግብ ፒዲኤ (የድንች፣ የዴክስትሮስና የአጋር ውሁድ) ነው። ከባዶ ሲሠራ 200 ግራም የተላጠ ድንች ተከትፎ ይቀቀልና ውኃው ይጠለላል፤ 20 ግራም ዴክስትሮስና ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር ተጨምሮበት በተጣራ ውኃ 1 ሊትር ይሞላል። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ዱቄት ከሆነ በ1 ሊትር 39 ግራም ነው። በግፊት እንፋሎት በሚቀቅለው አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው፣ ክዳኑን ላላ አድርጊው፣ ግፊቱ ዜሮ ሳይደርስም አትክፈቺ፤ ከተከፈተ ምግቡ ገንፍሎ ይወጣል፣ ሰውም ያቃጥላል። ወደ ፔትሪ ዲሽ የሚፈሰው 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ጠርሙሱን በእጅሽ ይዘሽ ሙቀቱን መታገሥ ስትችዪ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሞቆ ከፈሰሰ ክዳኑ ላይ ላብ ይቋጠርና ጠብታው ባክቴሪያን በየቦታው ያዛምታል፤ ከ40 በታች ከወረደ ደግሞ ይጓጉላል። ለ9 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 1 ሊትሩ ቢያንስ 50 ዲሽ ይወጣዋል።

ናሙናው በወረቀት ፖስታ ይምጣ እንጂ በፌስታል አይታሰር፤ ፌስታል ውስጥ ቅጠሉ ያልበውና ላብራቶሪ ሲደርስ የሚያበቅለው ሻጋታ ሁሉ ከመንገድ የተያዘ ይሆናል። የምትቆርጪው ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ግማሹ ከታመመው ግማሹ ከጤነኛው ክፍል መሆን አለበት። ተማሪዎች የቁስሉን መሃል ይቆርጣሉ፤ መሃሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል፣ እዚያ የሚኖረው በሬሳ ላይ የሚያድገው ሌላ ፈንገስ ነው። በሽታ አምጪው በሕይወት የሚገፋው ጠርዙ ላይ ነው።

ቁራጩን በቧንቧ ውኃ ካጠብሽ በኋላ ላዩን በበረኪና ታጸጂዋለሽ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን ከ80 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር ስትቀላቅዪ 1 በመቶ ይሆናል። ስስ ቅጠል ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ ግንድ እስከ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ንጹሕ በተደረገ ውኃ 3 ጊዜ አለቅልቂው፣ በተቀቀለ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቂው፣ 4 ቁራጭ በአንድ ዲሽ አስቀምጪ። ማድረቁን የሚዘልል ሰው በማግስቱ በቁራጩ ዙሪያ የሚያንጸባርቅ የባክቴሪያ ዝቃጭ ያገኛል። ዲሹን ገልብጠሽ 25 ዲግሪ አካባቢ አቆዪው። ስሙንና ቀኑን የምትጽፊው በታችኛው ክፍል ላይ ነው፤ ክዳን ይቀያየራል።

ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ የሚሆነው ነገር ስለ አሠራርሽ ይነግርሻል። ከ4ቱ ቁራጮች ምንም ካልበቀለ በረኪናው በዝቷል ወይም ማለቅለቁ አንሷል። በ2ኛው ቀን ዲሹን ሞልቶ ክዳኑን የነካ ግራጫ ጥጥ ካየሽ ጽዳቱ አንሷል፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ራይዞፐስ የሚባለው የዳቦ ሻጋታ ነው። ከ4ቱም ቁራጮች አንድ ዓይነት ፈንገስ ከወጣ ግን የምትፈልጊውን ሳታገኚ አትቀሪም። የዳሩን ጫፍ ቆርጠሽ ወደ አዲስ ዲሽ አዛውሪውና ንጹሕ ካልቸር እስኪሆን ድገሚው።

እዚህ ላይ «አገኘሁት» ብሎ ማቆም ትልቁ ስሕተት ነው። በዲሽ ላይ የበቀለ ሁሉ ገዳይ አይደለም። ጤነኛ ተክል ላይ መልሰሽ መበከል፣ ያው ምልክት ሲወጣ ማየት፣ ከዚያው ተክል ያንኑ ፈንገስ እንደገና ማውጣት አለብሽ፤ የኮክ መርሕ የሚባለው ይህ ነው። ለመበከል የስፖሩን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን ደቃቅ ዘር፣ ብዛት በማይክሮስኮፕ ሥር በሚታይ ባለ ሳጥን መቁጠሪያ መስተዋት (ሄሞሳይቶሜትር) ትቆጥሪያለሽ፦ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ትልቅ ሳጥን አማካዩ 40 ከሆነ በ10,000 ሲባዛ በ1 ሚሊ ሊትር 400,000 ስፖር ይሆናል፤ 100,000 ከፈለግሽ 4 እጥፍ ታቀጥኚዋለሽ። ንጹሕ ውኃ ብቻ የተረጨበት ማወዳደሪያ ተክልም ከጎኑ ይኑር። የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ በብዛት የሚጎድለው ይኸው ማወዳደሪያ ነው፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ የቀረው ልፋት ምንም አያረጋግጥም።

በፒዲኤ የማይበቅሉም አሉ። የዋግ ፈንገሶች፣ የአመዳይ በሽታና ዳውኒ ሚልዲው በሕያው ተክል ላይ ካልሆነ አያድጉም፤ ዲሽ ላይ ሳምንት ጠብቀሽ አትድከሚ። የድንች ብላይትን አምጪ ደግሞ በቀጥታ ከቅጠል ማውጣት ያስቸግራል፦ የታመመውን ቁራጭ በጤነኛ የድንች ክፋይ ሥር አስቀምጠሽ በ18 ዲግሪ አካባቢ ለ5 ወይም 7 ቀን ስታቆዪው ነጩ ክር በክፋዩ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ዲሽ ይወሰዳል።

ለባክቴሪያ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ብርጭቆና ውኃ ነው። የጠወለገ የቲማቲም ወይም የድንች ግንድ ቆርጠሽ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውኃ እንዲነካ አንጠልጥዪው፤ በጥቂት ደቂቃ ወተት መሳይ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካየሽ ባክቴሪያ ነው፣ በፈንገስ የጠወለገ እንዲህ አያደርግም። እንሰት ላይ የቅጠሉን አንገት ስትቆርጪ ቢጫ ቀመስ ዝቃጭ ከቁስሉ ላይ ይቋጠራል። ይህን የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው አሳወቁ፤ በ1974 ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ2001 ዩጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻዎችን ሲያወድም መነሻ መረጃው የተገኘው ከዚያው ከእኛ አገር ሥራ ነበር። ቢላዋ ዋነኛው አስተላላፊ ስለሆነ አንቺም ናሙና ስትወስጂ ከተክል ወደ ተክል ቢላዋውን በበረኪና ወይም በእሳት አጽጂ፤ ተመራማሪ ራሱ በሽታ ሲያዛምት መታየቱ ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ ስማቸው በሽታ ያልሆኑትን ኮርሶች አትናቂ፤ በተለይ ጄኔቲክስን። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ሲመታ ዲጋሉ ተቋቁሞ ስለታየ በአርሲና በባሌ በሰፊው ተዘራ። በ2013 እና 2014 ግን የግንድ ዋግ ዲጋሉን ራሱን ጠረገው። ለምን እንደሆነ የሚገባሽ የሬስ ኮድ ማንበብ ስትችዪ ነው፤ ሬስ ማለት የትኞቹን ስንዴዎች ማጥቃት እንደሚችል የሚለይ የአንዱ ፈንገስ ዓይነት ነው። አምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየማሳው የሚመጣውን ናሙና በ20 መለያ ስንዴዎች ላይ ይፈትናል። እያንዳንዱ ስንዴ አንድ የታወቀ የመቋቋም ጂን ይዟል፤ 4 በ4 ሆነው 5 ምድብ ይሆናሉ። የ7 ቀን ቡቃያ ላይ ስፖሩ ይረጫል፣ ለአንድ ሌሊት በጨለማና በጤዛ ይቆያል፣ ከተረጨ በ14ኛው ቀን ጉዳቱ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፤ እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 እና 4 ከፍተኛ ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ ውጤት አንድ ፊደል ይሰጣል። አራቱም ከተጠቁ «ቲ»፣ አራተኛው ብቻ ከዳነ «ኤስ»፣ የመጀመሪያው ብቻ ከዳነ «ኬ» ይባላል።

ዩጂ99 ተብሎ የታወቀው የግንድ ዋግ ሬስ ኮዱ ቲቲኬኤስኬ ነው። አራተኛው ፊደል «ኤስ» ነው፤ በአራተኛው ምድብ መጨረሻ ላይ ያለው ጂን ኤስአርቲኤምፒ ይባላል፣ ስለዚህ ዩጂ99 ይህን ጂን አልሰበረውም። ዲጋሉ የያዘው ይኸው ጂን ነበር። ዲጋሉን የመታው ሬስ ደግሞ ቲኬቲቲኤፍ ነው፤ አራተኛውን ፊደል እዪው፣ «ቲ» ሆኗል። በዚህ አንድ ፊደል ልዩነት ነው የገበሬው ዓመት የሄደው። ሃሮልድ ፍሎር በተልባ ዋግ ላይ ሠርቶ ያሳየው የጂን ለጂን ግንኙነት ክፍል ውስጥ ሲነገር ደረቅ ይመስላል፤ በዚህ ኮድ ስታነቢው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዘር የሚወስን ነገር መሆኑ ይታይሻል። የቡናውም ታሪክ እንዲሁ ነው፦ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታወቀ በኋላ ጅማ ላይ ከተመረጡት ዝርያዎች 74110 እና 74112 የሚባሉት ስማቸው በ74 የሚጀምረው እናት ዛፋቸው በ1974 ስለተመረጠ ነው።

ሦስተኛው ጉዳቱን በቁጥር መናገር ነው። የተያዙት ተክሎች ብዛትና የተያዘው የቅጠል ስፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ50 ተክል 40ው ቢያዙ ስርጭቱ 80 በመቶ ነው፤ በየቅጠሉ ላይ ያለው ቁስል 5 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አደባልቆ የሚጽፍ ሪፖርት ለውሳኔ አይጠቅምም። አንድ ጊዜ ብቻ መለካትም አይበቃም። አንዱ ዝርያ በ7 ቀን ልዩነት 10፣ 30፣ 60 በመቶ ቢሆን፣ ሌላው 0፣ 20፣ 60 ቢሆን መጨረሻቸው እኩል ነው። ኤዩዲፒሲ የሚባለውን፣ በጊዜ ውስጥ የተከማቸውን የበሽታ መጠን፣ ስታሰዪ፣ ማለትም የሁለት ተከታታይ ልኬቶችን አማካይ በመሃላቸው ባለው ቀን አባዝተሽ ስትደምሪ፣ የመጀመሪያው 140 እና 315 ተደምሮ 455፣ ሁለተኛው 70 እና 280 ተደምሮ 350 ይሆናል። ሁለተኛው በሽታውን አዘግይቷል፤ ፍሬው የሚሞላውም በዚያ በተገኘው ጊዜ ነው። ለዚህ ባዮሜትሪ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ኮርስ ጠበቅ አድርገሽ ያዥ።

ተመርቀው የወጡ ልጆች ወረዳ ላይ የሚሸማቀቁበት ስሌት ግን ከዚህም ይቀላል፤ የመርጫ ስሌት ነው። 100 ካሬ ሜትር ላይ በባዶ ውኃ በተለመደው እርምጃ እርጪና ስንት እንደጨረስሽ ለኪ። 2 ሊትር ከሆነ ለሄክታር 200 ሊትር ነው። የጀርባ መርጫው 20 ሊትር ከያዘ 10 ጊዜ ይሞላል። መለያው ወረቀት ለሄክታር ግማሽ ሊትር ኬሚካል የሚል ከሆነ ለእያንዳንዱ ሙሌት 50 ሚሊ ሊትር ይገባል። ገበሬው በቆርኪ ሲለካ ከልክ በታች ከሆነ ፈንገሱ ይለምደዋል፣ ከልክ በላይ ከሆነም ገንዘቡ ይባክናል፣ ሰውየውም ይጎዳል።

የመመረቂያ ጥናትሽን በጊዜ አስቢ። የመኸር ስንዴ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ዋጉ ደህና አድርጎ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት። ስለዚህ ርእሱ ግንቦት ላይ ካልጸደቀ ማሳው ያመልጥሻል። የሬስ ትንተና ለመጀመሪያ ዲግሪ አይሆንም፤ ግሪንሃውስም ዘርም ጊዜም የለሽም። በአንድ ወረዳ 20 ማሳ ያህል መዞር፣ በየማሳው በደብልዩ ቅርጽ ሄዶ 5 ቦታ 1 ሜትር በ1 ሜትር መለካት፣ ከፍታውንና የቀድሞውን ሰብል መመዝገብ፣ ከዚያ ናሙናውን ላብራቶሪ አረጋግጦ መጨረስ ግን ይቻላል፤ ለወረዳውም ይጠቅማል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለና ማለፊያው 50 በመቶ ስለሆነ፣ አፈሩንና አግሮኖሚውን ለበሽታ ብለሽ አትተዪ። ሥራው ወረዳ ግብርና፣ ምርምር ማዕከል፣ የአበባ እርሻ፣ ዘር አባዥ ድርጅትና ኳራንቲን ነው። የአበባ እርሻዎች በየቀኑ ግሪንሃውስ እየዞረ በሽታ የሚቆጥር ሰው ስለሚፈልጉ የክረምት ልምምድሽን እዚያ ማድረግ ከቻልሽ ዓይንሽ ቶሎ ይከፈታል።

የቴክኒሻኑን ነገር በቀጥታ አነጋግሪው። ዲሽ የሚታጠብበትንና ምግብ የሚፈስበትን ቀን ጠይቀሽ አግዢው፤ ካፈሰሳችሁት 2 ዲሽ ለራስሽ እንዲሰጥሽ ለምኚው፣ ለአንድ ልምምድ በቂ ነው። ከዚያ ውጭ የሚያስፈልግሽ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ የወረቀት ፖስታ፣ ስለታም ቢላዋና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ እርጥብ ፖስታ ላይ ይለቃል። በየፖስታው ላይ ቀን፣ ቀበሌ፣ ሰብል፣ ዝርያ፣ ከፍታና የጎዳው ክፍል ይጻፍ፤ የዋግ ናሙና ከሆነ ግንዱን ከነቁስሉ ቆርጠሽ ፖስታው ውስጥ ለአንድ ቀን ጥላ ላይ አድርቂውና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።